ማስተማሩ ምርምሬን ይበላብኛል ወይ?

ጥያቄው የአንዲት የሐይቅ ከተማ ልጅ ነው። አሳጥሬ ላስቀምጠው፦ «በባዮሎጂ ተመርቄ ዘንድሮ እዚሁ ወሎ ውስጥ ጂኤ (ረዳት ምሩቅ መምህርት) ሆኜ ተቀጥሬያለሁ። ማይክሮባዮሎጂ በጣም እወዳለሁ። የቀደሙኝ ግን ‹ማስተማሩ ይውጥሻል፤ መሣሪያ በሌለበት ምን ምርምር አለ? ወይ አዲስ አበባ ግቢ፣ ወይ ውጭ ሂጂ› ይሉኛል። እዚህ እያስተማሩ ተመራማሪ መሆን፣ ብሎም እስከ ፕሮፌሰርነት መድረስ ይቻላል? ወይስ አንዱ ሌላውን ይበላዋል?»

እህቴ፣ ይበላዋል። አልዋሽሽም። እኔን ስድስት ዓመት ሙሉ በልቶኛል። ከዚያ ወዲህ ግን መብላቱን ተወ። ሥራው ቀንሶ እንዳይመስልሽ፤ እንዲያውም ጨምሯል። ሁለቱን በየሳህኑ ማቅረቡን ትቼ በአንድ ትሪ ስላቀረብኳቸው ነው። እንዴት እንደሆነ ልንገርሽ።

ሳምንቱ ምን ይመስላል? ወረቀት ላይ ያለው 12 ክሬዲት ነው። ሲሰሙት ቀላል ይመስላል። ጄኔራል ማይክሮባዮሎጂን የባዮሎጂ ተማሪ ይወስደዋል፣ የነርሲንግ ተማሪ ይወስደዋል፣ የእንስሳት ሳይንስ ተማሪ ይወስደዋል። ላብ፣ ማለትም የላቦራቶሪ ልምምድ አለው። 60 ተማሪ ካለሽ ላቡ ለአራት ይከፈላል። ስለዚህ አንዱን ልምምድ በሳምንት አራት ጊዜ ታሠሪያለሽ። ሚዲያውን፣ ማለትም ባክቴሪያው የሚያድግበትን ምግብ፣ የምታዘጋጂው አንቺው ነሽ፤ ቴክኒሻኑ ፈቃድ ላይ ነው። እርማት አለ። ስብሰባ አለ። የተመራቂ ተማሪ ፕሮፖዛል ጠረጴዛሽ ላይ ተቆልሎ ይጠብቅሻል። ማታ ቤት ስትገቢ የሚያምርሽ እግርሽን ለብ ያለ ውሃ ውስጥ መንከር ነው እንጂ ጆርናል ማንበብ አይደለም።

የደረጃውን ነገር ታውቂዋለሽ። ከጂኤ ወደ ሌክቸረር በሁለተኛ ዲግሪ ነው፤ ወደ ረዳት ፕሮፌሰር በሦስተኛ ዲግሪ። ከዚያ ተባባሪ፣ ከዚያ ሙሉ ፕሮፌሰር። እነዚህ የኋለኞቹ በታተመ ምርምር፣ በማስተማር ውጤትና በማህበረሰብ አገልግሎት ተመዝነው ነው የሚሰጡት። ከታች እስከ ላይ 20 ዓመት ቢፈጅብሽ አትደነቂ። እኔ ተባባሪ ላይ ነኝ፤ ፀጉሬ ግን ሙሉ ፕሮፌሰር ሆኗል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። የእኔን አካሄድ የቀየረው አንድ ፕሬዠር ኩከር ነው።

በስድስተኛው ዓመቴ የላቡ አውቶክሌቭ፣ ሚዲያና ዕቃ በግፊት እንፋሎት ከጀርም የምናጸዳበት መሣሪያ፣ ተበላሸ። መለዋወጫ ይመጣል ተባለ፤ አልመጣም። ከኪሴ አውጥቼ ከደሴ ገበያ ትልቅ ፕሬዠር ኩከር ገዛሁ። መጽሐፉ የሚለው ግልጽ ነው፦ 15 ፒኤስአይ ግፊት፣ 121 ዲግሪ፣ 15 ደቂቃ። እንደተባለው አደረግሁ። አጋሩን፣ እንደ ጄሊ የሚረጋውን ሚዲያ፣ ፕሌት በሚባሉት ክዳን ያላቸው ጠፍጣፋ ሳህኖች ቀድተን አሳደርነው። በማግስቱ ምንም ሳንዘራበት ፕሌቶቹ ላይ ነጭ፣ የተጨማደደ፣ ጠርዙ የተበጣጠሰ ነገር ተዘርግቶ አገኘነው። ባሲለስ ነው። ስፖር፣ ማለትም ጠንካራ ልባስ ያለው እንቅልፋም ቅርጽ፣ ሠርቶ ሙቀት የሚያልፍ ባክቴሪያ።

ምን አደረግሁ መሰለሽ? ተማሪዎቹን ተቆጣሁ። «እጃችሁን ሳትታጠቡ ነው የገባችሁት! ክዳኑን ከፍታችሁ ነው ያወራችሁት!» ሦስት ሳምንት ጮህኩ። ፕሌቱ ግን ጩኸቴን አልሰማም።

በአራተኛው ሳምንት ከባቲ የመጣች አንዲት ተማሪ እጇን አወጣች። «ቲቸር፣ እኛ አገር አተር ክክ ቶሎ ይበስላል። ደሴ ግን ተከራይቼ የምኖርበት ቤት ስሠራ እንቢ ይለኛል። እንደሱ ይሆን እንዴ?»

ክፍሉ ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም። ጠመኔ አንስቼ ሰሌዳው ላይ ማስላት ጀመርኩ።

ደሴ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት። አየሩ ስስ ስለሆነ ውሃ የሚፈላው በ100 ዲግሪ አይደለም፤ 91 ወይም 92 ላይ ነው። የፕሬዠር ኩከሩም ሆነ የአውቶክሌቩ ጌጅ የሚለካው ከውጭው አየር በላይ ያለውን ግፊት ብቻ ነው። በባሕር ዳርቻ ከተማ 15 ሲል ውስጡ 121 ዲግሪ ይደርሳል። ደሴ ላይ 15 ሲል ግን 116 ወይም 117 ገደማ ነው። እውነተኛውን 121 ለማግኘት ጌጁ ወደ 19 መድረስ አለበት። የወጥ ቤት ፕሬዠር ኩከር ደግሞ 15 ላይ ትንፋሹን ይለቃል። ከዚያ በላይ ልግፋህ ብትይው ቤቱን ነው የሚያፈርሰው።

መፍትሔው ጊዜ ነው። ሙቀቱ በ10 ዲግሪ ሲወርድ ስፖሩን ለመግደል የሚፈጀው ጊዜ 10 እጥፍ ገደማ ይሆናል። በአራት ዲግሪ ተኩል ሲወርድ ደግሞ ሦስት እጥፍ ሊሞላ ምንም አይቀረው። ስለዚህ 15ቱን ደቂቃ ወደ 45 አወጣነው። ከዚያ በፊት ደግሞ አየሩ ተገፍቶ እንዲወጣ እንፋሎቱን አምስት ደቂቃ ለቀቅነው። ምንም ያልዘራንበት ፕሌት ባዶ ሆነ። ንጹሕ፣ ምንም የሌለበት ፕሌት ሲያዩ ተማሪዎች ሲያጨበጭቡ ያየሁት ያኔ ብቻ ነው። አንድ ነገር ግን ተበላሸብን። ስኳር ያለበት ሚዲያ 45 ደቂቃ ሲቆይ ጠቁሮ የካራሜላ ሽታ አመጣ። ስኳሩን ለብቻው ከጀርም አጽድቶ መጨመር እንዳለበት ያኔ ገባን። ያንን የደቂቃ ሠንጠረዥ የያዘች ወረቀት ዛሬም የላቡ በር ላይ ተለጥፋለች። ጥግዋ ተቃጥሏል፤ ማን እንዳቃጠላት አልታወቀም።

አየሽ፣ ይሄ ክፍል ውስጥ የተሠራ ነው። ጥያቄው የተማሪ ነው። መላምት አለው፣ ማነጻጸሪያ አለው፣ ውጤት አለው። የዚያን ዕለት ማታ ቤቴ ሄጄ «ስድስት ዓመት ምርምር የለም እያልኩ ያለቀስኩት ለምንድነው?» አልኩ።

በነገራችን ላይ ወጥ ቤት ለማይክሮባዮሎጂ ባለውለታ ናት። አጋር ራሱ ወደ ላብ የገባው በአንዲት ሴት ነው። ፋኒ ሄሰ ትባላለች፤ ባሏ ዋልተር ሄሰ ከታዋቂው ጀርመናዊ የባክቴሪያ ተመራማሪ ከሮበርት ኮኽ ጋር ይሠራ ነበር። ባክቴሪያ የሚያሳድጉበት ጄላቲን በሙቀት እየቀለጠ አስቸገራቸው። እሷ ለማርማላታና ለጄሊ የምትጠቀምበትን ከባሕር አረም የሚወጣ ነገር «ይሄንን ሞክሩት» አለቻቸው። እ.ኤ.አ. 1881 እና 1882 አካባቢ ነው። ዛሬ ዓለም ላይ ያለ ላብ ሁሉ በሷ ጓዳ ዕውቀት ነው የሚሠራው። ስሟን ፈተና ላይ ሁልጊዜ እጠይቃለሁ። ሁልጊዜም ግማሹ ተማሪ «ወንድ» ብሎ ይጽፋል።

ከዚያ በኋላ የላብ ልምምዱን በሙሉ ገለበጥኩት። ድሮ ላቡ ውስጥ ያለ አሮጌ ካልቸር (ያሳደግነው ባክቴሪያ) አውጥተን ግራም ስቴይን፣ ማለትም ባክቴሪያን በቀለም የመለየት ሙከራ፣ እናደርግ ነበር። ያረጀ ካልቸር ደግሞ ያታልላል። ወይን ጠጅ መሆን የሚገባው ሮዝ ይወጣል። ተማሪው መጽሐፉን ያምን ወይስ ዓይኑን? ግራ ይገባዋል። አሁን ግን «ከቤታችሁ እርሾ አምጡ» እላለሁ።

የወሎ መልክዐ ምድር ለዚህ የተፈጠረ ነው። ደሴ ብርዳም ናት። ወደ ኮምቦልቻ 23 ኪሎ ሜትር ገደማ ስትወርጂ ከፍታው 1,850 አካባቢ ይሆናል፤ ሹራብሽን ታወልቂያለሽ። ባቲ ስትደርሺ ደግሞ ጥላ ትፈልጊያለሽ። ከጦሳ ሥር እስከ ባቲ ሰኞ ገበያ ያለው መንገድ ራሱ ኢንኩቤተር (ባክቴሪያ በተመረጠ ሙቀት የሚያድግበት ሣጥን) ነው። መብራት አይጠፋበትም። አንድ ዓይነት የጤፍ ዱቄት፣ አንድ ዓይነት እርሾ ለሦስት ተማሪ ትሰጪያለሽ። አንዷ ደሴ፣ አንዷ ኮምቦልቻ፣ አንዷ ባቲ ታቦካለች። የፒኤች (የኮምጣጣነት መለኪያ) ወረቀትና ቴርሞሜትር ይይዛሉ። በየ12 ሰዓቱ ይጽፋሉ። ባቲ ያለው ቡሆ በሁለተኛው ቀን ኩፍ ብሎ አቅርሯል። የደሴው በኅዳር ብርድ ገና እያሰበ ነው። ማሽላ ስታስገቢበት ደግሞ ሌላ ታሪክ ይመጣል።

ውስጡ የሚሆነው ነገር የክፍሉ ምርጥ ትምህርት ነው። በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ከዱቄቱ፣ ከውሃውና ከእጅ የመጡ የአንጀት ባክቴሪያ ዘመዶች ይበዛሉ። ከዚያ የላክቲክ አሲድ ባክቴሪያዎች ይነሡና ሊጡን ያኮመጥጡታል። ፒኤቹ ወደ 4 እና ከዚያ በታች ሲወርድ የፊተኞቹ ይሞታሉ። እርሾዎቹ ደግሞ ጋዙን ይሠራሉ። ተማሪው በየቀኑ ግራም ስቴይን ሲያደርግ ይሄ ለውጥ በዓይኑ ይታየዋል። የመጀመሪያው ቀን ስላይድ ላይ ሮዝ በትር ብዙ ነው። የሦስተኛው ቀን ስላይድ በወይን ጠጅ ተሞልቷል።

ለምን ወይን ጠጅ፣ ለምን ሮዝ? እንግሊዝኛውን ከመሸምደዳቸው በፊት እንዲህ እላቸዋለሁ። ግራም ፖዘቲቩ ጋቢ የለበሰ ነው። ግድግዳው ወፍራም ነው፤ ቀለሙንና አዮዲኑን አቅፎ ይይዛል፤ አልኮል ቢያፈሱበትም አይለቅም። ግራም ኔጋቲቩ ስስ ነጠላ ለብሶ ከላይ ካባ የደረበ ነው። አልኮሉ ካባውን ያቀልጠዋል፣ ነጠላው ደግሞ ቀለም አይይዝም። አንድ የላስታ ልጅ «ቲቸር፣ አልኮሉ ካለቀ አረቄ አይሆንም?» ብሎኛል። አይሆንም። 95 በመቶ ነው የምንፈልገው፤ የኛ አረቄ ግማሹንም አያህል። ትርፉ ላቡን ድግስ ቤት ማስመሰል ነው።

ማስጠንቀቂያ። እርሾ በሃይላንድ ሲመጣ ክዳኑ ይላላ። አንዷ የኩታበር ተማሪዬ የእናቷን እርሾ ግጥም አድርጋ ዘግታ ሚኒባስ ተሳፈረች። ሃይላንዱ ጭኗ ላይ ሆኖ አብጦ እንደ ኳስ ጠጥሯል። ፈራ ተባ እያለች ክዳኑን ስትነካው «ቧ!» አለ። ፊት ለፊት የተቀመጡት ሼህ ነጭ ጥምጣማቸው ላይ አረፈ። ልጅቷ ልታለቅስ ደረሰች። ሼሁ ጣታቸውን አስነክተው ቀመሱና «ጥሩ እርሾ ነው፤ የእናትሽ ነው?» አሏት። ይሄን ታሪክ የካርቦን ዳይኦክሳይድ ምዕራፍ ላይ ነው የማስተምረው።

አሁን «ይሄ ጨዋታ ነው እንጂ ምርምር ነው?» ትይኝ ይሆናል። ልክ ነሽ። ልምምድ በራሱ ምርምር አይደለም። ምርምር የሚያደርገው ሌላ ነገር ነው፤ እሱ ደግሞ ገንዘብ አይጠይቅም። እያንዳንዱ ናሙና ሦስት ጊዜ ይደገማል። ምንም ያልተዘራበት ፕሌት ሁልጊዜ ከጎን ይቀመጣል። አንዱን ናሙና ሁለት ቡድን ይለካዋል፤ አንዱ የሌላውን ቁጥር አያይም። ሁለቱ ቁጥር ካልተቀራረበ ይጣላል። ቀኑ፣ ሰዓቱ፣ ሙቀቱ፣ የናሙናው አመጣጥ በማይጠፋ እስክሪብቶ ደብተር ላይ ይሰፍራል፤ በስልክ ኖት አይደለም። ተሳስተሽ የሰረዝሽው ቁጥር መነበብ አለበት። በዚህ መልክ በዓመት ሁለት ሴሚስተር የሠራሽው ላብ በሦስተኛው ዓመት የጽሑፍ መነሻ ይሆናል። የእኔ የመጀመሪያ ጽሑፍ እንዲህ ነው የወጣው። ውሂቡን የሰበሰቡት ተማሪዎች ናቸው፤ ስማቸውም ገብቷል።

መንገዱ ደግሞ ባዶ አይደለም። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰር ሞገሴ አሸናፊ እርጎን፣ አይብን፣ ስልጆን፣ አዋዜን፣ ቦርዴን ይዘው ከጓዳ ወደ ማይክሮስኮፕ አምጥተዋል። እ.ኤ.አ. በ2006 ባወጡት ጥንቅር ላይ የአገራችንን የፈላ ምግብና መጠጥ ጥናቶች አንድ ላይ ታገኚያቸዋለሽ። ከሱ ጀምሪ። ዶክተር አክሊሉ ለማ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1964 አድዋ ወንዝ ዳር ሴቶች በእንዶድ ልብስ ሲያጥቡ አዩ። ከታች ባለው ውሃ ቀንድ አውጣዎቹ ሞተው ተንሳፍፈዋል። የቢልሃርዝያ ተሸካሚዎች ናቸው። ያቺን ዕይታ ይዘው ዕድሜ ልካቸውን ሠሩባት፤ እ.ኤ.አ. በ1989 ከዶክተር ለገሰ ወልደዮሐንስ ጋር የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማት አገኙባት። የጀመሩት ወንዝ ዳር ቆሞ ልብስ አጣቢ በማየት ነው።

ለወሎ የሚሆን ያልተጨረሰ ነገር ሞልቷል። ቀሪቦን ተመልከቺ። የተቆላ ገብስ፣ ስኳር፣ እርሾ። በየሠርጉ፣ በየመውሊዱ ይጠጣል። አልኮሉ ከየትኛው ሰዓት ጀምሮ ምን ያህል ይሆናል? በስንተኛው ቀን ይበላሻል? የሚያበላሸውስ ማን ነው? ለብዙ ቤተሰብ የሃይማኖት ጥያቄም ጭምር ነው። በወይራ የታጠነ ቅልና ያልታጠነ ቅል ውስጥ የረጋ እርጎስ? ቦርከና ወንዝ ከደሴ ወርዶ በኮምቦልቻ ሲያልፍ ከላይና ከታች ያለው የባክቴሪያ ቁጥር በክረምትና በበጋስ? የሐይቅ ልጅ ነሽ፤ የሐይቁን ውሃ እኔ ላስታውስሽ አልችልም።

አንድ ነገር ላይ ግን አትቸኩዪ። ጀማሪ ሁሉ የሚሮጠው ወደ አንቲባዮቲክ መላመድ ነው። ጉዳዩ እውነት አሳሳቢ ነው። የካፕሱል ዱቄት ቁስል ላይ የሚነሰንስ ሰው ሠፈራችን ውስጥ አለ። ግን የዲስክ ሙከራ፣ መድኃኒት ያለበትን ክብ ወረቀት ባክቴሪያ በተዘራበት ፕሌት ላይ አስቀምጦ በዙሪያው ባክቴሪያ ያልበቀለበትን ክብ መለካት፣ ቀላል መስሎ ከባድ ነው። ለዚህ ሙከራ የሚውለው የሙለር ሂንተን አጋር ውፍረት 4 ሚሊ ሜትር መሆን አለበት። ከወፈረ ክቡ ይጠባል፤ ባክቴሪያው ተላምዷል ብለሽ ትዋሻለሽ። ዝርያው 0.5 ማክፋርላንድ ድፍርስነት ላይ መሆን አለበት። ከሁሉ በላይ ዲስኮቹ ብርድ ይፈልጋሉ። መብራት ሁለት ቀን ሲጠፋ ዲስኩ ይሞታል፤ መልኩ ግን አይለወጥም። ስለዚህ የታወቀ የማነጻጸሪያ ዝርያ፣ ለምሳሌ ኢ. ኮላይ ኤቲሲሲ 25922፣ በእያንዳንዱ ዙር አብሮ ካልተሠራ ያገኘሽውን ቁጥር አትመኚው። ከሕመምተኛ የመጣ ናሙና ያለ ሥነ ምግባር ኮሚቴ ፈቃድ አትንኪ። አባ ሰንጋ የተጠረጠረበትን ሥጋ ደግሞ «ላየው» ብለሽ ወደ ማስተማሪያ ላብ እንዳታስገቢ። የሱ ስፖር አፈር ውስጥ አሥርት ዓመታት ይቆያል። ያንቺ ላብ ለሱ አልተሠራም።

ስለ መብራት ካነሳሁ ሌላም ልንገርሽ። በ2014 ጦርነቱ ደሴ ሲደርስ ወጥተን ነበር። ስንመለስ ፍሪዘሩ በቦታው የለም። የዓመታት ዝርያዎቼ፣ ከባቲ፣ ከኩታበር፣ ከወረኢሉ የተሰበሰቡ፣ በየትንሽዋ ቱቦ ላይ በተማሪዎቼ የእጅ ጽሑፍ የተሰየሙ፣ አብረው ሄደዋል። ወለሉ ላይ አንዲት ቱቦ አገኘሁ። የላይኛው ጽሑፍ ለቅቋል። አሁንም መሳቢያዬ ውስጥ አለች። እና ልመክርሽ፦ ዝርያሽን በግሊሰሪን ስታስቀምጪ ሁለት ቅጂ ይሁን። ሁለተኛው ሌላ ከተማ ይደር። የኢትዮጵያ ብዝኀ ሕይወት ኢንስቲትዩት የደቂቅ ዘአካላት ክምችት አለው። እኔ «በሚቀጥለው ዓመት እልካለሁ» እያልኩ ነው የቀረሁት።

ስለ ማሳተም አጭር ልበል። በሳምንት ውስጥ እናትማለን የሚል ኢሜይል ሲመጣ አጥፊው። ገንዘብሽንም ስምሽንም ይበላል። ጥሩ ጆርናሎች ብዙዎቹ ከእኛ ዓይነት አገር ለሚመጣ ጽሑፍ ክፍያ ይተዋሉ ወይም ይቀንሳሉ፤ ማመልከት ነው። ለማንበብ ደግሞ ግቢሽ ሂናሪ በሚባለው የጆርናል ማንበቢያ መርሐ ግብር በኩል መግባት ይችል እንደሆነ ቤተ መጻሕፍቱን ጠይቂ። የዓለም ጤና ድርጅት ከ2002 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የከፈተው በር ነው። የደራሲ ቅደም ተከተል ሥራው ሳይጀመር በወረቀት ይስፈር። እኔ በወጣትነቴ አንድ አለቃ ፕሌት ሳይነኩ ስማቸውን ፊት አስቀምጠውብኛል። ያኔ ዝም አልኩ። ዛሬ ቢሆን ዝም የምል አይመስለኝም። ግን ጂኤ ሆነሽ አፍ መክፈት ከባድ እንደሆነ አውቃለሁና ወረቀቱ ቀድሞ ይናገርልሽ።

አዲስ አበባ መሄድስ? ለሁለተኛና ለሦስተኛ ዲግሪ ሂጂ እንጂ! ዲኤንኤ ማንበብ፣ ጥሩ ማሽን መንካት ያስፈልግሻል። ግን ጥያቄሽን ይዘሽ ሂጂ። ባዶ እጁን የሄደ ሰው የአማካሪውን ጥያቄ ሠርቶ ይመለሳል፤ ሲመለስ ማሽኑ እዚህ የለም፣ ጥያቄውም የሱ አይደለም፣ ከዚያ «ወሎ ላይ ምርምር የለም» ይላል። ሰምተሽዋል፤ የቀደሙሽ የሚሉት ይሄንኑ ነው።

ደሞዙን አትጠይቂኝ። ቤት ኪራዩን ራስሽ ታውቂዋለሽ። እናቴ ዶክትሬቴን ስጨርስ ደስ ብሏቸው ቡና አፍልተው ጎረቤት ጠሩ። አቦል ላይ መረቁኝ። ቶና ላይ አንዲት ጎረቤት እጅጌያቸውን ሰብስበው «እስቲ ልጄ ግፊቴን ለካኝ» አሉኝ። «እኔ የዚያ ዓይነት ዶክተር አይደለሁም» ስል እናቴ ቀና ብለው አዩኝ። «ታዲያ ይሄን ሁሉ ዓመት ምን ስትሠራ ነበር?» እርሾ አልኳቸው። በረካ እስኪደርስ አላናገሩኝም። ኋላ ግን ጓዳ ጠሩኝና ቡሆአቸው ለምን እንደሚሻግት ጠየቁኝ። የተኛንበትን ሰዓት አላስታውስም።

ሴሚስተሩ ከመጀመሩ በፊት አንድ ነገር አድርጊ። የሚሰጡሽን ኮርስ የላብ ማንዋል ውሰጂና ከልምምዶቹ አንዱን ብቻ፣ ሁሉንም አይደለም፣ በራስሽ ጥያቄ ተኪው። ሐይቅ ቤተሰብ ጋር ስትሄጂ ከእናትሽ ቡሆ ዕቃ እርሾ ቅጂ። ቀኑንና ሰዓቱን ጻፊበት። ወደ ደሴ ስትሳፈሪ ክዳኑን አላልተሽ ያዢው።